ፈረሱ ሜዳ ነበረው፣ መኪናው ግን የለውም

ከሦስት ሳምንት በፊት ጊዳ አያና ነበርኩ። መንገዱ በጸጥታው ምክንያት ሲዘጋ ሲከፈት ስለቆየ አክስቴ ቤት ቡና ከጠጣሁ ዓመታት ሆኖኝ ነበር። አክስቴን ሁላችንም አዴ ነው የምንላት። ሁለተኛው ስኒ ላይ ስልኬ ጮኸ። ከልጇ የመጣ የድምፅ መልእክት ነው፣ ከአዲስ አበባ። ምን እንዳስቸኮለኝ እንጃ፣ እሷ ፊት ከፈትኩት።

«ወንድምጋሼ፣ የኮን ውድድር ልገባ ነው። ጓደኞቼ ናቸው የሚያሰናዱት፤ ኦቶክሮስ ነው የሚሉት። የምነዳው ያቺን የጓደኛዬን ቪትዝ ነው። የመጀመሪያዬ ስለሆነ ምን ምን ልዘጋጅ? አደራ፣ ለእማዬ እንዳትነግራት።»

አዴ ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ።

«መኪና መጫወቻ ሆነ እንዴ?» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ይህን ከሌላ ሰው ብሰማው ስቄ አልፈው ነበር። የአዴ ባል ግን የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ከነቀምት ወደ አያና ስትመጡ መንገዱ ወደ አንገር ሸለቆ ይወርዳል። እዚያ ቁልቁለት ላይ፣ ጭነት እንደያዘ፣ ፍሬን እምቢ አለው። ልጁ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። አሁን ሃያ አራት ሞልቶት ኮን ለኮን ልዙር ይላል።

እኔ የእሽቅድምድም ሰው አይደለሁም። የትም ሳልቀጠር በየቦታው የምጽፍ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ጥያቄ ሲከብደኝ ወደ ታሪክ የመሸሽ አመል አለብኝ። ያን ዕለት ማታም የሸሸሁት ወደዚያው ነው። ከዚህ በታች ያለው ለእናትም ለልጅም መልስ እንዲሆን የጻፍኩት ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ኦቶክሮስ ምን እንደሆነ። ሰፊና ጠፍጣፋ ባዶ ቦታ ይፈለጋል፤ ብዙ ጊዜ የመኪና ማቆሚያ ወይም ሥራ ያቆመ የአውሮፕላን ሜዳ ይሆናል። ኮኖች እየተደረደሩ ጠመዝማዛ መንገድ ይሠራል። መኪኖቹ ተራ በተራ ለብቻ ይገባሉ፤ ጎን ለጎን መሽቀዳደም የለም። ሰዓት ይያዛል። አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ አካባቢ ነው። ፍጥነቱ ሰው በየቀኑ በአስፋልት ላይ ከሚነዳው አይበልጥም፤ መታጠፊያው ተቀራርቦ ስለሚመጣ ነው ፈጣን የሚመስለው። በአሜሪካኖቹ ደንብ ኮን የጣለ ሰው ለእያንዳንዱ ኮን ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል። መንገዱን የሳተ ደግሞ ያ ዙር አይቆጠርለትም። እዚያ የስፖርት መኪና ክለባቸው የዚህን ውድድር የመጀመሪያ ብሔራዊ ሻምፒዮና ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። እንግሊዞች በበኩላቸው ኦቶክሮስ የሚሉት ሳር ሜዳ ላይ የሚደረገውን ነው።

ስሙን ስታዩት ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ክሮስ» የተባለው አገር አቋራጭ ነው፤ በየዓመቱ ጃን ሜዳ ላይ የምናየው፣ እነ ደራርቱና ቀነኒሳ ዓለምን ያስከተሉበት። ስለዚህ ቃል በቃል የመኪና አገር አቋራጭ ማለት ነው። አሜሪካኖች በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ የኮን ጨዋታ «ጂምካና» ይሉት ነበር። ጂምካና እንግሊዞች ህንድ ውስጥ ሲኖሩ የለመዱት ቃል ነው። ሜዳ ላይ በፈረስ የሚደረግ የቅልጥፍና ውድድር ማለት ሆነ፤ በእንጨቶች መካከል መጠምዘዝ፣ በርሜል መዞር፣ ይህን የመሰለ። መኪና ሲመጣ ፈረሱን አስወጥተው መኪናውን አስገቡ። ሜዳውንና ስሙን እዚያው ተዉት።

እኔን የያዘኝ ይህ ነው። እነሱ ከፈረስ ወደ መኪና ሲሻገሩ ሜዳውን ይዘው ተሻገሩ። እኛስ?

እኛ ፈረስ ላይ ማንንም የማንፈራ ሕዝብ ነበርን። ጉግስን አስቡት። በጥምቀት፣ በመስቀል፣ በየሜዳው ሁለት ወገን ይቆማል። አንዱ ጋልቦ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል። አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሺው በጋሻው ይመክታል፣ ወይም በፈረሱ ሆድ ሥር ይጠፋል። ጨዋታ ነው፤ ሕዝብ ዳር ቆሞ ይስቃል፣ እልል ይላል። ያ ጨዋታ ግን የጦር ትምህርት ቤት ነበር። ልጁ ፈረሱ በምን ያህል ጥምዝ እንደሚንሸራተት፣ ልጓም ሲሳብ በስንት እርምጃ እንደሚቆም የሚያውቀው እዚያ ነው። ቢወድቅም የሚወድቀው ሳር ላይ ነው፤ ዘመዶቹ ያነሡታል።

ውጤቱን ደግሞ እኛው ሰፈር አይተነዋል። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ፣ የዛሬው ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ፣ የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት ሲገጥሙ ቀኑን የወሰነው በአመዛኙ የራስ ጎበና ፈረሰኛ ነው። እምባቦ ከጊዳ አያና ሩቅ አይደለም። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየው፤ በዚህ ቻናል ሳንጣላበት የቀረንበት ጊዜ የለም። የምለው፣ ያ ፈረሰኛ ያን ዕለት የተወለደ አይደለም፤ በየሜዳው ሲጫወት ያደገ ነው። ዛሬም ከአያና ተነስታችሁ ዓባይን ተሻግራችሁ፣ በቡሬ አልፋችሁ እንጅባራ ብትደርሱ፣ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች የዓድዋ ፈረሶችን እያሰቡ ሲጋልቡ ታያላችሁ። ሜዳው እዚያ አሁንም አለ።

ሰውን በፈረሱ ስም መጥራትስ ከየት መጣ? ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ መኮንን አባ ቃኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል። በመኪናው ስም የተጠራ ሹም እስከ ዛሬ አልሰማሁም። መኪናው ነው በሹም ስም የተጠራው፤ አባዱላ እያልን የምንሳፈርበት ሚኒባስ ምስክር ነው። አባ ዱላ ደግሞ ራሱ በገዳ ሥርዓት የጦር መሪ ማዕረግ ነው። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ (የመኪና ፋብሪካው ቤንትሌይ አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው) ቮልስሊ ሲድሌይ መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ገባ። ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊም በዚያው ሰሞን ሌላ መኪና ይዞ መጣ። መንገድ የሚባል ነገር ስላልነበረ ብዙ ቦታ ላይ መኪናው ሰውን ሳይሆን ሰው መኪናውን ነው ያሻገረው። የቤንትሌይ መኪና ለአፄ ምኒልክ ቀረበ። ከዚያ በፊት አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ መንገድ ዳምጠው ነበር፤ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ይለው ነበር። እንግዲህ ሞተር ሲመጣ የመጣው በቤተ መንግሥት በር ነው። የንጉሥ ዕቃ ነው፤ ማንም ሜዳ አውጥቶ አይሞክረውም።

ወደ እኛ ወደ ወለጋ ሞተር የመጣው ደግሞ ከዚያ በከፋ በር ነው። ሰኔ 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ነቀምት አጠገብ ቦነያ ሜዳ ላይ አረፉ። በሌሊት የጥቁር አንበሳ አርበኞች ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሏቸው፤ ጄኔራል ማሊዮኮና ታዋቂው አብራሪ ሎካቴሊም እዚያው ተገደሉ። የእኛ አገር ሰው ሞተር ያለበትን ነገር በሜዳ ላይ ያገኘው እንዲህ ነው፤ ጠላት ሆኖ። ከዚያ ጣሊያን ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ ሠራ፣ የጭነት መኪናውም ተከተለ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዱ ቀጠለ። ጭነት፣ ቡና፣ ማሽላ፣ ወታደር፣ በኋላም በ1977 ድርቅ ጊዜ ወደ አንገር ጉትን የመጡ ሰፋሪዎች፣ ሁሉም በመኪና ተጓጓዙ። መኪና ለእኛ ወይ ሥልጣን፣ ወይ ጦር፣ ወይ እንጀራ ነው። አዴ «መጫወቻ ሆነ እንዴ?» ስትል የመቶ ዓመት ታሪክ ነው የተናገረችው።

አንድ ነገር ግን በመሀል ነበር፤ አሁን የለም።

ጋራዥ ገብታችሁ አዳምጡ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ክሪክ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ይህን ቋንቋ ትምህርት ቤት ያስተማረን የለም። ረዳት የሆነ ልጅ ነው ከመኪናው ሥር ተኝቶ፣ ዘይት እየተንጠባጠበበት የተማረው። የአዴ ባልም እንደዚያ ነው የጀመረው። በድሮው ፊያት፣ ኤንትሬ በሚባለው፣ መጀመሪያ ጭነት ጠባቂ ነበር። ቀጥሎ ጎማ ቀያሪ፣ ቀጥሎ ዘይት ተመልካች። ዳገት ላይ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ይወረውር ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ሹፌሩ ባዶ መኪና፣ ባዶ ሜዳ ላይ «ና ያዛት» ይለዋል። ያ ሜዳ፣ ያ አንድ ቀን፣ የእኛ ኦቶክሮስ ነበር ማለት እችላለሁ። ሕግ አልነበረውም፣ ኮንም አልነበረውም፤ ግን መኪና እምቢ ሲል ምን እንደሚመስል ልጁ ያይ ነበር።

ረዳትነቱ ፍጹም ነበር አልልም። እሱንም አላዳነውም።

አሁን በምትኩ ማሠልጠኛ መጣ። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ሠልጥኖ፣ ተፈትኖ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው፤ መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው። እኔም በዚያ ነው ያለፍኩት። የተማርኩበትን ቦታ ስም አልጠራም፤ ብጠራውም ትርጉም የለውም፣ ብዙዎቻችን አንድ ዓይነት ቦታ ነው የተማርነው። ትምህርቱ ቋሚ እንጨቶቹ ነበሩ። በመካከላቸው ወደ ኋላ ማስገባት፣ ማውጣት፣ ማስገባት። እንጨት ከነካህ ወደቅህ። በሁለተኛ ማርሽ ላይ ከአሥር ደቂቃ በላይ የነዳሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሌ የረገጥኩበት ቀን ጭራሽ አልነበረም። ፈቃዴን ይዤ የወጣሁት እንጨት አለመንካትን ተምሬ ነው። ከዚያ በሳምንቱ የዘመድ ፒካፕ ይዤ አንገር ቁልቁለት ላይ ነበርኩ፤ የፍሬን ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ምን እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው «በማርሽ ያዛት ልጄ፣ በማርሽ!» ብለው ያተረፉኝ።

ልዩነቱን አያችሁት? ፈተና ላይ እንጨት መንካት ውድቀት ነው። ኦቶክሮስ ላይ ኮን መንካት ሁለት ሰከንድ ነው። የመጀመሪያው ከወሰኑ ርቀህ እንድትኖር ያስተምርሃል። ሁለተኛው ወሰኑ የት እንደሆነ ያሳይሃል። አስፋልት ላይ በድንገት ልጅ ሲገባብህ የሚያስፈልግህ ሁለተኛው ነው። በአገራችን በየዓመቱ ሺዎች በመኪና አደጋ ይሞታሉ። ለሲኖትራኩ «ቀይ ሽብር»፣ ለአይሱዙው «አልቃይዳ» የሚል ስም ያወጣ ሕዝብ ነገሩን ሳያውቀው አይደለም።

መኪናን እንደ ስፖርት ማየት ጨርሶ አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም። በንጉሡ ዘመን ሃይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር ነበር፤ አሁንም አዲስ አበባና አካባቢዋ ራሊ አልፎ አልፎ ይካሄዳል። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ከእኛ ርቃ ሄዳለች። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥን ዘውድ መጫን ምክንያት አድርጎ ተጀመረ። መንገዱ ከእኛው መንገድ የተሻለ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1963 እና እንደገና በ1968 ከተነሱት ብዙ አሥር መኪኖች መጨረሻ የደረሱት ሰባት ሰባት ብቻ ነበሩ። በ1965 ያሸነፈው ጆጊንደር ሲንግ የኬንያ መካኒክ ነው። የነዳው ቮልቮ አዲስ አልነበረም፤ ሌሎች የተጠቀሙበት አሮጌ ነበር። ከወንድሙ ጋር ሆኖ አሰናዳው፣ አሸነፈበት። በኋላም ሁለት ጊዜ ደገመው። የእኔን የአክስት ልጅ ቪትዝ ለሚንቅ ሰው ይህን ንገሩልኝ።

እሺ፣ ለልጁ የጻፍኩለት መልስ እነሆ፤ ጥቂት አሳጥሬዋለሁ። የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቄ፣ የውጭዎቹን ደንብ አንብቤ ነው።

ከመኪናዋ ጀምር። ማሳመር አያስፈልግም፤ ገንዘብህን ጎማ አስፊና ድምፅ ማጉያ ላይ አታጥፋ። የመጀመሪያ ዓመት ላይ የሚጎድለው መኪናው ሳይሆን ነጂው ነው። ማየት ያለብህ ይህን ነው፦ ጎማው ሽቦው አልወጣም ወይ፣ ጎኑ አልተሰነጠቀም ወይ። የጎማ ቡሎኖቹ ጠብቀዋል ወይ፤ ትናንት ጎሚስታው አጥብቄዋለሁ ቢልህም ራስህ በቁልፍ ሞክረው። መኪናዋን በክሪክ አንሥተህ ጎማውን ላይና ታች ይዘህ ወዝውዘው፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው ወይም ሌላ ነገር አልቋል፣ በዚያ መኪና አትግባ። ባትሪው እንዳይዘል ታስሯል ወይ። ዘይት ወይም ነዳጅ ያንጠባጥባል ወይ። ቤንዚን መስጫውን ረግጠህ ስትለቀው ወዲያው ይመለሳል ወይ።

ፍሬኑን ለብቻው ያነሣሁት ሆን ብዬ ነው። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ተጭነህ ያዘው። ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ስፖንጅ የረገጥክ ከመሰለህ አየር ገብቶበታል። የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ባለቤቷን ጠይቀው፤ «ተቀይሮ አያውቅም» ካለህ አስቀይረው። ይህ ዘይት እያደር እርጥበት ይስባል፣ ሲግል ይፈላል፣ የፈላ ቀን እግርህ ባዶ ይረግጣል። አባትህን አስታውስ ልልህ ነበር፤ አታስታውሰውም፣ እኔ አስታውሰዋለሁ።

ከዚያ መኪናዋን ባዶ አድርጋት። የወለል ምንጣፉን አውጣ፣ ፔዳል ሥር ይገባል። የውኃ ጠርሙስ፣ ክሪክ፣ መለዋወጫ ጎማ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ሥዕልና ሽቶ፣ ሁሉንም አውርድ። ስለት እንጂ ጌጥ እንዳልሆነ ባውቅም ሥዕሉን ኪስህ ውስጥ ያዘው፣ ፊትህ ላይ እንዳይመጣ። የጎማ ንፋስ በሩ ላይ ከተጻፈው ትንሽ ጨምርበት፤ ጥምዝ ላይ ጎማው በጎኑ እንዳይተኛ ነው። ሲያልቅ መልሰህ አስተንፍሰው። ሄልሜት ተዋስ፤ የሞተር ሳይክሉም ቢሆን ጭንቅላትህን አጥብቆ የሚይዝ ይሁን። ሸበጥ ጫማ አድርገህ እንዳትሄድ።

አቀማመጥህን አስተካክል። ጀርባህ ወንበሩ ላይ ተጣብቆ ክንድህን ስትዘረጋ የእጅህ አንጓ የመሪው ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት። ፍሬን እስከ መጨረሻው ስትረግጥ ጉልበትህ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። እኛ አገር ነጂው ወይ ተጋድሞ ወይ መሪውን አቅፎ ነው የሚነዳው፤ ሁለቱም አይሆንም።

ማልደህ ድረስና መንገዱን በእግርህ ሂድበት። አንዴ ሳይሆን ሦስቴ አራቴ። ቆመህ ስታየው የኮን ባሕር ነው የሚመስልህ፣ መንገዱ አይታይህም። የመጀመሪያውን ዙር ከሰው ጋር እያወራህ ሂድ፣ ምንም አይደለም። ሁለተኛውን ብቻህን ሂድና በሮቹን ቁጠር። በሦስተኛው ጎንበስ በል፣ ዓይንህ መኪና ውስጥ በሚሆንበት ቁመት እየው። ከዚያ ዓይንህን ጨፍነህ ከመነሻ እስከ መድረሻ በልብህ መንዳት ካልቻልክ ተመለስና ድገመው። ሯጮቻችንም ከውድድር በፊት መንገዱን አይተው ነው የሚገቡት።

ስትነዳ አጠገብህ ያለውን ኮን አትመልከት። የምታየውን ነው የምትመታው። ዓይንህ ሁልጊዜ ቀጥሎ ያለው በር ላይ ይሁን። ፍሬን የምትይዘው መሪው ቀጥ እንዳለ፣ ከጥምዙ በፊት ነው። ጎማ ያለው አቅም እንደ አንድ እንጀራ ነው፤ ግማሹን ለማቆም ከወሰድክ ለመዞር የሚቀርህ ግማሹ ነው። ቀስ ብለህ ገብተህ ፈጥነህ ውጣ። የፊት ጎማዎቹ እየጮኹ መኪናዋ አልታጠፍ ካለች መሪውን ይበልጥ አትጠምዝዝ፤ እግርህን ከነዳጁ ላይ ቀለል አድርግ፣ ራሷ ትመለሳለች።

መጨረሻ ላይ ስታቆም ፍሬኑን አንዴ እስከ ጥግ ርገጠው። መኪናዋ ኤቢኤስ ካላት ፔዳሉ እግርህ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ይንኳኳል። አትልቀቀው! ብዙ ሰው በሕይወቱ መጀመሪያ ይህን የሚያገኘው አደጋ ላይ ነው፤ ተሰበረ ብሎ ደንግጦ እግሩን ያነሣል። አንተ ሜዳ ላይ ተዋወቀው።

ሌላው፣ ነዳሁ ብለህ ጥላ ሥር እንዳትቀመጥ። የውጭዎቹ ሥርዓት ደስ የሚለኝ እዚህ ላይ ነው፤ ነጂው ሁሉ ተራውን ጠብቆ ሜዳ ላይ ቆሞ የወደቀ ኮን ያነሣል። ባለ ውድ መኪናውም ያነሣል። ጉግስ ላይ የወደቀን ሰው እንደማንሣት ነው። ጀርባህን ለሚነዳው መኪና አትስጥ፣ ስልክህን ኪስህ ውስጥ አድርገው።

ይህን ከላክሁለት በኋላ በዩቲዩብ የሚያያቸውን የጭስና የጥምዝ ትርዒቶች አነሣልኝ። እነዚያ በባለሙያ፣ በተዘጋ ቦታ፣ በብዙ ገንዘብ የተቀረጹ ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ ሌሊት ቀለበት መንገድ ወጥተው የሚሞክሯቸው ልጆች የሚያዩት ግን ሠላሳ ሰከንዱን ብቻ ነው። ሜዳ ከሌለ ጎዳናው ሜዳ ይሆናል። ልጆቹን ስንራገም ይህችን ብንጨምርባት ጥሩ ነው።

አንዳንዶቻችሁ አሁን «በዚህ የነዳጅ ወረፋ፣ በዚህ ኑሮ፣ ሰው አገሩ መግባት ባቃተበት ጊዜ ስለ ኮን ትጽፋለህ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት አላችሁ። ወለጋ ውስጥ ዛሬ ወጣት ከሰበሰብክ የሚጠረጥርህ ብዙ ነው፤ ሜዳ ላይ መኪና ደርድረህ ሞተር ብታስጮህ ምን ሊመጣ እንደሚችል እኔም አላጣሁትም። ቢሆንም አንድ ዙር የአንድ ደቂቃ ነዳጅ ነው የሚፈጀው። አሮጌ ጎማ በኖራ ቀብተህ ኮን ማድረግ ይቻላል። የማሠልጠኛዎቹ ሜዳ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ነው የሚውለው። እንጨቶቹን አንሥቶ ለአንድ ቀን በኮን መተካት፣ ሠልጣኙ ከመውጣቱ በፊት አንዴ በኃይል ፍሬን እንዲረግጥ ማድረግ ስንት ብር ይፈጃል? ደግሞ መንግሥት ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። የሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪና ከባድ ነው፣ እግር ሲነካው ደግሞ ይወረወራል። በቪትዝ የተማረ ሰው እሱ ላይ ሲወጣ አዲስ ጀማሪ ነው። የት ይለማመደው?

ውድድሩ ባለፈው ቅዳሜ ተደረገ። ልጁ አራት ዙር ነዳ። በመጀመሪያው ሦስተኛው በር ላይ መንገዱ ጠፋበት፤ ዙሩም አልተቆጠረለትም። «መንገዱን ሁለቴ ብቻ ነው የሄድኩበት» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። በሁለተኛው አራት ኮን ጣለ፣ ስምንት ሰከንድ። በሦስተኛው አንድ። በአራተኛው ምንም አልጣለም፤ ግን ፈርቶ ስለነዳ ከሦስተኛው ዘገየ። ከመጨረሻ ሁለተኛ ነው የወጣው። ከእሱ በታች የሆነው ባለ ትልቅ ሞተሩ ነው።

ማታ አዴ ራሷ ደወለችለት። ስንተኛ እንደወጣ አልጠየቀችውም። «ፍሬኑስ ያዘልህ?» ነው ያለችው።

«ያዘ እማዬ» አላት። «እስከ ጥግ ረግጬው ያዘ።»